አስካለ ዘንግ የመረጠችበት ቀን

አስካለ በተቀበረች በሳምንቱ ሃርልስደን ባለው የቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ የመታሰቢያ ፕሮግራም ተደረገላት። እኔ የእነሱ እምነት ተከታይ አይደለሁም፤ ግን ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጇ ሳሙኤል ጥቁር ከረባት አስሮ መድረክ ላይ ወጣና የሕይወት ታሪኳን አነበበ። «እናቴ ዝምተኛ፣ ለስላሳ፣ ከቤቷ የማትወጣ፣ ሹራብ መሥራት የምትወድ ሴት ነበረች» አለ።

ሹራብ! አስካለ ኪሮሽ ይዛ አይቻት አላውቅም። ዝምተኛም አልነበረችም። ከቤት አለመውጣቷ ደግሞ የመጨረሻው ክረምት ነገር ነው፤ እሱንም ወዳ አይደለም። ሳሙኤል ወረቀቱን ገለበጠና «በስተርጅናዋ አንድ የጊዜ ማሳለፊያ ነበራት፤ እሱንም ልቧ ሲረካ በፈቃዷ ተወችው» ብሎ አለፈ። ሰዉ «አሜን» አለ።

በሰው ፊት የምናገር ሴት አይደለሁም። ኮቴን ለብሼ ወጣሁ፤ ባስ ይዤ ሆሎዌይ ቤቴ ገባሁ። ንዴቱ ሲያድር ይበርድልኛል ብዬ ነበር። አልበረደልኝም። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ያቺን ሴት «አሜን» ብለው እንደሸኟት ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ማን እንደነበረች እኔው ልጻፈው።

አስካለ ጎረቤቴ ነበረች። በካውንስሉ፣ በአካባቢው አስተዳደር፣ የኪራይ ሕንጻ ውስጥ በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስትሄድ ተረከዟን ጠበቅ አድርጋ የምትረግጥ ሴት ናት። ቤቱን ልታይ የመጣች ቀን፣ አሳዪዋ ሠራተኛ ታች ስልክ ስታወራ፣ አስካለ የእኔን በር አንኳኳች። ከፈትኩ። ፊቴን አየችና እንግሊዝኛውን ተወችው።

«ይቅርታ እህቴ፣ የዚህ ቤት መጥፎው ምኑ ነው?»

«እንዴት ማለት?»

«ጥሩ ጥሩውን እሷ ነግራኛለች። አንቺ መጥፎውን ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ሊፍቱ ይበላሻል። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ይረጥባል። ከላይ ያለው ሰውዬ ሙዚቃ ከከፈተ አይዘጋም።

ትንሽ አሰበችና «ሊፍቱን እችላለሁ። እርጥበቱንም እችላለሁ። ሙዚቃውን አልችልም፤ ሰውዬውን ግን እችለዋለሁ» አለች። ቻለችውም። በገባች በሳምንቱ ወደ ላይ ወጥታ ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ሊፍት ውስጥ ሲያገኛት ኮፍያውን ያወልቅላት ነበር።

ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የምትመርጠው። ጥሩ ዕቃ የሚባል የለም ትል ነበር፤ የምትችይውን ጥፋት ነው የምትገዢው። ጫማ ልትገዛ ስትገባ ሻጩን «የት ጋ ነው የሚቀደደው?» ብላ ትጠይቀዋለች። ቲማቲም ስንገዛ እኔ ቀዩን ሳነሳ እጄን ትመታኛለች። «ለዛሬ ነው ለሐሙስ? ለዛሬ ከሆነ የለሰለሰውን ቻይው፤ ለሐሙስ ከሆነ ጥሬውን ቻይው። ሁለቱንም አልችልም ካልሽ ቲማቲም አትብዪ።» ስለ ሟቹ ባሏም እንዲሁ ነበር የምታወራው። «ጠጪ ነው ብለውኝ መጠጡን እችላለሁ ብዬ አገባሁት። ውሸታም መሆኑን ግን የነገረኝ የለም። ያንን ባውቅ አላገባውም ነበር። መጠጥ ይሸታል፤ ውሸት አይሸትም።»

በወጣትነቷ አዲስ አበባ ውስጥ በመሥሪያ ቤቷ የስፖርት ክበብ ሽጉጥ ተኳሽ ነበረች። ኋላ ኑሮው፣ ስደቱ፣ ልጁ፣ የሆስፒታል ጽዳቱ መጣና ተወችው። ጡረታ በወጣች ጊዜ ሌሎቻችን ስለ ጉልበታችን ስናወራ እሷ ከከተማው ዳር አንድ የተኩስ ክለብ አገኘች። እዚህ እንግሊዝ አገር እውነተኛ ሽጉጥ ለተራ ሰው ክልክል ነው። የሚወዳደሩበት በጋዝ የሚሠራ፣ አተር የምታክል የፕላስቲክ ጥይት የሚተፋ ሽጉጥ ነው። ውስጡ ግን የተሠራው እንደ እውነተኛው ነው። በተተኮሰ ቁጥር የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ይሄድና ሞላው ገፍቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ያ ሞላ እንዳይጣመም በመሃሉ የሚያልፍ ጣት የማይሞላ ዘንግ አለ። ክለቡ ውስጥ ጋይድ ሮድ ይሉታል። አስካለ ዘንጉ ትለዋለች። ለንዴቴ ሁሉ ምክንያቱ ያ ዘንግ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት እሄድ ነበር። ሽጉጥ አልወድም። ግን «አንቺ ትደብሪያለሽ፤ ቢሆንም አትለፈልፊም፤ ነይ» አለችኝ፤ ከዚህ የተሻለ ግብዣ አግኝቼ አላውቅም። ቦታው አሮጌ መጋዘን ነው። በጣውላ ክፍል ክፍል አበጅተው የካርቶንና የብረት ዒላማ ያቆማሉ። ተኳሹ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ይተኩሳል፤ ፍጥነቱም መምታቱም ይቆጠራል። አንዱን ሲጨርሱ ሌላ ያዘጋጃሉ፤ ይህን ዙር እለዋለሁ። አስካለ ተራዋ ሲደርስ ማስቲካዋን በወረቀት ጠቅልላ ለእኔ ትሰጠኛለች። ቀኝ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች። ከዚያ ትከሻዋ ይወርድና ፊቷ ላይ ምንም አይቀርም። ስትተኩስ አሮጊት አትመስልም፤ ወጣትም አትመስልም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው የምትመስለው። ስትጨርስ ሕጉ ነውና ሽጉጡን ከፍታ ለዳኛው ታሳያለች፤ በአማርኛ «ባዶ ነው» ትላለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ክለቡ ውስጥ ያሉት የእንግሊዝ ወጣቶች በሙሉ ሽጉጣቸውን ሲያሳዩ «ባዶ ነው» ማለት ለምደው ነበር።

በዚህ አገር በጋ አንድ ቀን ስኳር ስትጨምር የሻይ ማንኪያው ብርጭቆውን ደጋግሞ መታው። ሁለታችንም እጇን አየን። ሐኪም ቤት ሄደች፤ የነርቭ በሽታ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ሰጧት። እሷ እንደ ልማዷ ሐኪሙን «መጥፎውን ንገረኝ» ብላ ያዘችው። እሱም ደግ ሰው ነበርና ነገራት፦ እየባሰ ይሄዳል፣ ፍጥነቱን ማወቅ አይቻልም፣ በእጅሽ ልትሠሪ የምታስቢው ነገር ካለ አታቆዪው።

ቤት ስንደርስ ኮቷን ሳታወልቅ «የመስከረሙን ውድድር እተኩሳለሁ» አለችኝ። «ስድስቱንም ዙር። አሸንፋለሁ አልልም። እጄ ሳይከዳኝ አንድ ውድድር ከዳር እስከ ዳር ልጨርስና ከዚያ ይክዳኝ።»

ሌላ የጠየቀችው ነገር አልነበረም።

ነሐሴ ውስጥ ልምምድ ላይ እንዳለች ሽጉጡ ቀጭ ብሎ ቆመ። ዳኛው ፈታው። የፕላስቲኩ ዘንግ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ሞላው ተጣሞ ወጣ። ዘንጉ ካልተቀየረ አንዲት ጥይት አይተኩስም።

አስካለ በኢንተርኔት ዕቃ መግዛት አትችልም፤ እኔም አልችልም። የእሷን የካውንስል ታክስ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የመብራት ቢል ሁሉ የሚጨርስላት ሳሙኤል ነው። ዋይት ሲቲ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው፤ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። በዚያ እሁድ እኔም ነበርኩ።

«ሳሚ፣ ይሄን ዘንግ እዘዝልኝ። ለመስከረም ይድረስ።»

«እሺ እማዬ» አለና ስልኩን አውጥቶ ነካካ። «ይኸው፣ ኦርደር አድርጌዋለሁ።»

በሳምንቱ «መንገድ ላይ ነው» አለ። ቀጥሎ «ጉምሩክ ይዞታል፤ ከብሬግዚት በኋላ እንዲህ ነው» አለ። ከዚያ «የሌላ ሞዴል ልከው መለስኩት» አለ። ሁሌም ሱቁን በስሙ እየጠራ፣ ሁሌም «እሺ፣ ነገ ቼክ አደርጋለሁ» እያለ። እኔም አመንኩት። ጣት በማታክል ነገር ሰው እናቱን ይዋሻታል ብሎ የሚያስብ ማነው?

የመስከረሙ ውድድር ዕለት ከእኔ ጋር ወንበር ላይ ተቀምጣ የሌሎቹን አየች። ማስቲካዋን እያኘከች።

የዚህ አገር ብርዳም ክረምት ገባ። የኮቷን ቁልፍ እኔ እቆልፍላት ጀመር። ሻይ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ነው የምቀዳላት። አንድ ቀን ጠዋት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ በሬን መታች። ቦርሳዋን ይዛለች።

«ዘነቡ ልበሺ። ለሚያዝያው ውድድር ሱቁ ድረስ ሄደን ዘንጉን እናመጣለን። ጉምሩክ እስኪለቀው እኔ እሞታለሁ።»

በሁለት ባስ ሄድን። ሱቁ ከባቡር ድልድይ ሥር ነው፤ ጠባብ፣ ግድግዳው በሙሉ ዕቃ የተንጠለጠለበት። ባለቤቱ ኪት የሚባል ጢማም፣ ሆዱ ጋ ሹራቡ የጠበበው ሰው ነው። የውሻ ሥዕል ያለበት ትልቅ ኩባያ ይዞ ከጀርባ መጣ።

«ለልጅ ልጅሽ ነው፣ ዳርሊንግ?»

«ለራሴ ነው» አለችው።

«እንዲያ ነው ደስ የሚለው» አለና ወንበር ሳበላት።

የሳሙኤልን ስም ነግራ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» አለችው። ኮምፒውተሩን አየ። የለም። በአድራሻው ፈለገ፤ የለም። በስልክ ቁጥሩ ፈለገ፤ የለም። «ከነሐሴ ጀምሮ ነው ያልሽኝ? ዳርሊንግ፣ ይሄ ዕቃ አልቆብን አያውቅም» ብሎ በአገጩ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ አሳያት። ዘንጎቹ በትንንሽ ላስቲክ እንደ ጆሮ ጌጥ ተደርድረው ተሰቅለዋል።

አስካለ ዞራ አየቻቸው። እኔ የምትጮህ መስሎኝ ነበር፤ ባትጮህም የምትቀመጥ። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ሰቅላ ሽጉጡን ከነሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አሳየኝ» አለችው።

ኪት ሽጉጡን ፈቶ ሞላውን ሲያወጣ ሳቀ። «ይሄን ለበሬ የሚበቃ ሞላ ማነው እዚህ ያስገባው?»

«እኔ። ጠንካራ ነገር እወዳለሁ።»

«እንግዲያው ዘንጉን የገደልሽው አንቺ ነሽ። ፕላስቲክ ይሄን አይችልም። ደግሞ የምን ዘይት ነው የቀባሽው?»

«የስፌት መኪና ዘይት።»

ኪት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ውስጡ ያሉትን ጎማዎች ይበላቸዋል! ማን ነገረሽ?»

«እናቴ። ለሚሽከረከር ነገር ሁሉ ያንን ነበር የምትቀባው።»

«እናትሽን ከዚህ ሽጉጥ አርቂያት» አለ። አስካለ በዚያ ቀን ያን ጊዜ ብቻ ሳቀች።

ሦስት ዘንግ አወረደ፤ ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየም፣ ብረት። የትኛው ነው ጥሩ ብላ እንደማትጠይቀው አውቃለሁ።

«የዚህ ጥፋቱ?» አለች ፕላስቲኩን እየነካች።

«ከደካማ ሞላ ጋር ካልሆነ ይሰነጠቃል። ደካማ ሞላ ደግሞ ብረቱን ቀስ ብሎ ነው የሚመልሰው፤ ጊዜ ትከስሪያለሽ።»

«የዚህስ?»

«አሉሚኒየም ጠንካራ ነው፤ ቀላልም ነው። ግን ሽጉጡ ከፊት ሲቀል እጅ ላይ ይጨፍራል...» አለና ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጇን አይቶ አቆመ። «ይቅርታ።»

«ቀጥል።»

«ብረቱ ከባድ ነው። አፈሙዙን ወደ ታች ይይዘዋል፤ ስትተኩሺ አይዘልም። የእጅን መንቀጥቀጥም ያረግበዋል። ጥፋቱ ክንድ ያደክማል። ስንት ዙር ነው ውድድሩ?»

«ስድስት።»

«እውነቱን ልንገርሽ? ከሁለተኛው በኋላ ትጠዪዋለሽ። እኔ ብሆን ፕላስቲኩን ከለስላሳ ሞላ ጋር ነው የምወስደው። ነጥቡ ያንሳል፤ ግን ስድስቱንም ትጨርሺያለሽ።»

እያንዳንዱን አስገብቶ ሰጣት፤ እሷም በሩ አጠገብ የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ አነጣጠረች። ፕላስቲኩንም አሉሚኒየሙንም ይዛ አፈሙዙ አየር ላይ ጽሕፈት ይጽፍ ነበር። ብረቱ ሲገባ ቆመ። እንደ ድሮዋ ቆመ። ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ ሽጉጡን አላወረደችም፤ ክንዷን ዘርግታ ጠበቀች። ኪትም ጠበቀ። ቀስ እያለ ክንዷ ሲወርድ አየሁ።

«እንዳልከው ነው» አለችው። «ብረቱን ስጠኝ።»

ጣልቃ የመግባት ልማድ የለኝም፤ ያን ዕለት ግን ገባሁ። «አስካለ፣ ያንቺ ሐሳብ ሁሉንም መጨረስ አልነበረም?»

«ነበር። በነሐሴ ቢሆን ፕላስቲኩን ይዤ ስድስቱንም እጨርስ ነበር። ይሄ እጅ ያኔ ፕላስቲክ ይችል ነበር፤ አሁን አይችልም፤ አይተሻል። ስድስቱን ሳሚ ወሰደው። የቀረኝን ልምረጥ።» ቀጥላ በእንግሊዝኛ ለኪት «ስድስት ጊዜ ከመንቀጥቀጥ ሁለት ጊዜ በደንብ መተኮስ ይሻለኛል» አለችው። ኪት ክርክር አልገጠመም። ልኩ የሆነ ሞላ መረጠላት፤ የስፌት መኪናውን ዘይት ጠራርጎ ሌላ ቀባላት።

ስለ ሳሙኤል ያነሳችው ባስ ላይ ስንቀመጥ ነው። ወደ መስኮቱ እያየች፦ «እምቢ ቢለኝ ምን ነበር ዘነቡ? እሰድበው ነበር። ከዚያ ተነስቼ ራሴ እመጣ ነበር፤ ይኸው ሁለት ባስ ነው። እምቢ ያለሽ ሰው መንገዱን ይለቅልሻል። እሱ እሺ ብሎ አስቀመጠኝ።» ድምፅዋ አልተለወጠም።

እሁድ ሳሙኤል ሚስቱ የሠራችውን ምግብ በሳሕን ይዞ መጣ። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነው። አየው፤ ሳሕኑን ይዞ ቆመ።

«ሱቁ ሄጄ ነበር» አለችው።

ሳሙኤል ክፉ ልጅ አይደለም፤ ይህን ካልጻፍኩ እኔም መዋሸቴ ነው። የተናገረው ሁሉ ምክንያት ነበረው። «ላንቺ ብዬ ነው እማዬ። እጅሽን እኮ አያለሁ። ባስ ላይ ቦርሳሽ ቢከፈት፣ አንዱ አይቶ ፖሊስ ቢጠራ፣ እዚህ ከተማ ፖሊስ የእኛን መልክ አይቶ ከመተኮሱ በፊት ይጠይቅሻል? ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ልጇ መንገድ ላይ የተገደለባት እናት አለች። በየሳምንቱ አጠገቧ ነው የምቀመጠው። በእሷ ፊት እናቴ ሽጉጥ ትተኩሳለች ልበል?»

«ጥሩ ክርክር ነው» አለችው። «ይሄን በነሐሴ ነበር የምትነግረኝ።»

«ትጣዪኝ ነበር።»

«እጣላህ ነበር። በመስከረም እንታረቅ ነበር።»

ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ ዘነቡ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት።»

«ምኑን?» አልኩት።

ይቅርታ ሊጠይቅ እንደ ሥርዓቱ ጎንበስ ሲል አስካለ ትከሻውን ይዛ ቀና አደረገችው። «ቆይ። ውድድሩ ሚያዝያ ውስጥ እሁድ ነው። ና። ከመጀመሪያው ዙር ጀምረህ እየኝ። ከዚያ በኋላ ይቅርታውን እንነጋገራለን።»

«እሺ እማዬ» አለ።

የውድድሩ ዕለት በጠዋት በታክሲ ሄድን። ሳሙኤል አልደረሰም። አስካለ ተራዋ እስኪደርስ በሩን ታይ ነበር። ስሟ ሲጠራ ማስቲካዋን ሰጠችኝ፤ መዳፏን ጠረገች።

ያንን ዙር በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም። ምልክቱ ሲሰማ የግራ እግሯ ቀድሞ ሄደ። መጀመሪያ በጣውላው መስኮት በኩል ካርቶኖቹን መታች፤ ሁለት ሁለት፣ ሳትቸኩል፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ከዚያ ጥጉን ዞራ የብረቶቹ ፊት ወጣች። ኪንግ፣ ኪንግ፣ ኪንግ እያሉ ወደቁ። አፈሙዙ አልዘለለም። የመጨረሻው ብረት ከሩቅ፣ ከሌላ ዒላማ ጀርባ በግማሽ የተሸሸገ ነው፤ ወጣቶቹ ብዙ ጥይት የጨረሱበት። አስካለ ቆመች። ሁሉም ሰው የደከመች መሰለው። እሷ ግን እጇ እስኪረጋ ነበር የጠበቀችው፤ አንድ ጊዜ ተኮሰች፤ ወደቀ። ሽጉጡን ከፍታ አሳየች። መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ። በዚያ ዙር ከእሷ የበለጡት ጥቂት ጎረምሶች ብቻ ነበሩ።

ዞር ብላ በሩን አየች።

በሁለተኛው ዙር ቀስ አለች፤ ግን አንድም አልሳተችም። ክንዷን በግራ እጇ እያሸች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «መጣ?» አለችኝ። «አልመጣም» አልኳት።

ሦስተኛው ላይ ገና ከመጀመሯ በሩ ተከፈተና ሳሙኤል በሙሉ ልብሱ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ገባ። በዚያው ቅጽበት ክንዷ ወረደ። አነሳችው፤ ወረደ። አንዷ ጥይት ወለሉን መታች። አስካለ አልታገለችም። ምላጩን ለቀቀች፤ የጥይት ካዝናውን አወጣች፤ ሽጉጡን ከፍታ ለዳኛው «ባዶ ነው» አለችው። ዳኛውም ዓይኑን ዝቅ አድርጎ «ባዶ ነው» አላት።

ሳሙኤል ሮጦ አቀፋት። «አይዞሽ እማዬ። በቃሽ። መተውሽ ጥሩ ነው።»

«መቼ ደረስክ?»

«አሁን። ፕሮግራሙ ረዘመብን። መዝሙር ላይ ነበርኩ፣ ጥዬ መውጣት አልቻልኩም...»

አየችው። «ያመለጠህን ዘነቡ ታውቀዋለች» አለችውና ወደ እሱ መኪና ሄደች። እሱ ያየው ክንዷ መውረዱን ብቻ ነው። ልክ ነበርኩ ብሎ እንዳሰበ ፊቱ ላይ አነበብኩ። መድረክ ላይ «በፈቃዷ ተወችው» ያለው ይህንን ነው።

ሽጉጡን ለክለቡ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ እንደ ሳሙኤል ያለ አስታማሚ አይገኝም። ያጎርሳታል፣ ያጥባታል፣ ሌት ወንበር ላይ ያድራል። እሷም «ተባረክ» ትለዋለች። የዘንጉን ነገር ሲያነሳ ግን «ገና ነው» ትለዋለች። በመጨረሻው ሳምንት ከእኔ ጋር ብቻዋን ሳለች፣ ድምፅዋ ሊጠፋ ደርሶ፣ «ይቅር ልለው ሞከርኩ ዘነቡ» አለችኝ። «አፌ ይላል፤ ልቤ አይልም። እንዲሁ ባፌ ብለው ደግሞ እሱን መሆኔ ነው።»

ባለፈው ማክሰኞ ሳሙኤል የቤቷን ቁልፍ ለካውንስሉ ሊያስረክብ መጥቶ በሬን አንኳኳ። ከስቷል። ሻይ አቀረብኩለት። ብርጭቆውን እያሽከረከረ፦

«እትዬ ዘነቡ፣ እማዬ... ይቅር ብላኝ ነበር?»

ለሐዘንተኛ የሚሰጠው መልስ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ብላሃለች ልጄ፣ እናት አይደለች?» ማለት ነው። ጎረቤት ሁሉ፣ ፓስተሩም፣ ሚስቱም ያንን ብለውታል። እኔም እንድለው ነው የመጣው።

«አላለችህም» አልኩት። «ሞክራ አልሆነላትም።»

ፊቱ ተለወጠ። «አዎ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ምንም። ዛሬ ደስ ብሎህ ትሄድ ነበር።»

ተነሳ። ኮቱን ያዘ። ጨዋ ነው፤ በንዴትም ቢሆን «አመሰግናለሁ» አለኝ። በሩ ጋ ሲደርስ እኔም ተነሳሁ። ድምፄን ከፍ የማደርግ ሴት አይደለሁም።

«ሳሙኤል፣ ተመለስና ተቀመጥ። ሹራብ ትሠራ ነበር ብለህ ነው የሸኘሃት። ያመለጠህን ሁለት ዙር ትሰማለህ።»

«የፓርኪንግ ሰዓቴ ሊያልቅ ነው እትዬ ዘነቡ።»

«ይቅጡህ» አልኩት።

ተቀመጠ። «ምልክቱ ሲሰማ» አልኩት፣ «የግራ እግሯ ቀድሞ ሄደ።»